ሳይቆፈር የተቀበረ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር መቅደስ ይርዳው ጋሽ ሙሳ ግቢ ስትደርስ፣ ጄሪካኑ ከውኃ ጉድጓዱ አፍ አጠገብ ሣሩ ውስጥ ወድቆ ነበር። ባለ አምስት ሊትር ነጭ ጄሪካን ነው። የተለጠፈበት ወረቀት ላይ የራስ ቅል ሥዕልና የሽንኩርት ተባይ መድኃኒት ስም ይታያል።

የጋሽ ሙሳ ምራት ፈይሩዝ የሞተችው ሰኞ ንጋት ላይ ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከወለደች ገና ሠላሳ ሁለት ቀኗ። ከቅዳሜ ጀምሮ ከዚያ ጉድጓድ የጠጡ አሥራ አንድ ሰዎች በተቅማጥና በትውከት ጤና ጣቢያ ገብተዋል። የሸዋ ሮቢት የግንቦት ሙቀት ማንንም ውኃ ያስጠጣል፤ በምታጠባ እናት ላይ ደግሞ ይብሳል። ከሁሉም አብልጣ የጠጣችው ፈይሩዝ ነበረች።

ጉድጓዱን ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ በቆርቆሮ የከደነው የአካባቢው ልጅ የሆነው ሳጅን ሁሴን ነው። ጄሪካኑን ሲያይ ግራ ገባው። ትናንት ቆርቆሮውን ሲያስር የተንበረከከው ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ምንም እንዳልነበረ አስረግጦ ነገራት። ከዚያ በኋላ ወንዱ ሁሉ ፈይሩዝን ለመቅበር ሄዷል፣ ሴቶቹ ደግሞ ቤት ውስጥ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ጓሮው ሰው አልነበረውም።

ሰዎቹ የታመሙት ቅዳሜ፣ ጄሪካኑ የመጣው ሰኞ ከሰዓት በኋላ። መቅደስ ይህን በማስታወሻዋ ጻፈች። ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ማስታወሻዋን የሚጠብቅ አልነበረም። የሽንኩርት መድኃኒት እየረጨ የሚተዳደረው ጎረቤታቸው ጀምበሬ ነው። ከጋሽ ሙሳ ጋር በአጥር ወሰን የተካሰሰው እሱ ነው። ትናንት ቀብር ላይ ያልታየውም እሱ ነው። በቃ፣ ለእነሱ ነገሩ አልቋል።

ከግቢው ስትወጣ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ጀምበሬ ደጅ ላይ ቆመው አገኘች። አንዱ ጭድ ታቅፏል። የሟች ባል ሙጂብ ከፊት ቆሟል፤ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን አልከደነም። በዚህ ቆላ ቤት ሲቃጠል ያላየ ሰው የለም፤ አንድ ቤት ተቃጥሎ አንድ ቤት ብቻ ሆኖ እንደማይቀርም ሁሉም ያውቃል። መቅደስ በመካከላቸው አልፋ ገባች፤ ጀምበሬን በካቴና አስራ፣ ሁሉም እያየ በፖሊስ መኪና ወሰደችው። ጥፋተኛ ነው ብላ አልነበረም። በሕይወት የምታስወጣበት ሌላ መንገድ ግን አልታያትም። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ያየቻትን አስተያየት ለብዙ ቀን አልረሳችውም።

ጀምበሬ ጣቢያ ሲደርስ ብዙ አላወራም። ሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኑርሃን የምትባል ሴት የሽንኩርት ማሳ ላይ ሲረጭ ቆይቶ፣ የፈይሩዝን መሞት ሲሰማ ታጥቦ ለቀብር መውጣቱን ተናገረ። ጋሽ ሙሳ በር ድረስ ሄዶ ግን እግሩ አልገባ አለው። በወሰን ጉዳይ ካፉ ያወጣው ነገር ነበር፤ ሙጂብ ባየኝ ጊዜ ይቆጣል ብሎ ተመለሰ። ያየው ሰው ስለመኖሩ ስትጠይቀው ቀና ብሎ አያት።

«ማን እንዲያየኝ ብዬ ነው፣ ኢንስፔክተር? ሰው እንዳያየኝ እኮ ነው የተመለስኩት።»

ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ጤና መኮንኗ ሔለን ሁለት ሌሊት አልተኛችም። መቅደስ የመድኃኒቱን ስም ነገረቻት፤ ሔለን ወዲያውኑ ራሷን ነቀነቀች። ያንን የጠጣ ሰው የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። ፈይሩዝን ጨምሮ ከአሥራ ሁለቱ አንዳቸውም ላይ ይህ አልታየም።

«ታዲያ ምንድን ነው የገደላት?»

«ሰገራ» አለች ሔለን። «ከጉድጓዱ ያስቀዳሁትን ውኃ መርምረነዋል። የጠጡት የሰው ሰገራ ያለበት ውኃ ነው። ትንሽ ጠብታ እንዳይመስልሽ። የሆነ ቤት ሽንት ቤት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እየፈሰሰ ነው።»

መቅደስ ጓንት አድርጋ ጄሪካኑን ከፈተችው። ሁለቱም አሸተቱት። የተባይ መድኃኒት ሽታ የሰላ ነው፣ አፍንጫ ይይዛል። ይህ የሸተተው የማሽን ዘይት ነው። ከሥሩ ትንሽ ቡናማ ዝቃጭ ቀርቷል።

ወደ መኪናው ስትመለስ ሁሴንን አንድ ነገር ጠየቀችው። አንድ ሰው ባዶ የዘይት ጄሪካን አምጥቶ ውኃ ጉድጓድ አጠገብ የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው? ሰው ወደ ሌላ ቦታ እንዲያይ ካልፈለገ በቀር ምክንያት የለውም። ያ ሰው ጉድጓዱ በምን እንደተበከለ ያውቃል ማለት ነው።

ያም ሆኖ ጀምበሬን ከጄሪካኑ ለመለየት ግማሽ ቀን ፈጀባት። ኑርሃን በሮቢ ወንዝ ዳር ሰፊ ማሳ ያላት ጠንካራ ሴት ናት። መጋዘኗን ከፍታ የመድኃኒት ጄሪካኖቿን አሳየቻት። ባዶው ሁሉ ሆዱ በምስማር ተበስቷል፤ ሰው ወስዶ ውኃ እንዳይቀዳበት ስትል፣ ካልተበሳ አንድም ከማሳዋ አይወጣም። ጋሽ ሙሳ ጓሮ የተገኘው ግን አልተበሳም። ከዚያ ዘይቱን ተከትለው በወንዙ ዳር ያሉትን የመስኖ ፓምፖች አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም ናፍጣ የሚያጨሱ አሮጌ ሞተሮች ናቸው፤ የሚወጣቸው ዘይት እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነው፣ ከጄሪካኑ ዝቃጭ ጋር አይመሳሰልም። ፀሐይዋ አናታቸውን እየበሳች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ መቅደስ ከጋሽ ሙሳ ጉድጓድ ተነሥታ ሽቅብ ሄደች። የጋሽ ሙሳ ቤት የራሱ ሽንት ቤት ከጉድጓዱ ቁልቁል ነው፤ ውኃ ሽቅብ አይወጣም። ሽቅብ ያለው አንድ ግቢ ብቻ ነው፣ የእትዬ ቆንጅት።

እትዬ ቆንጅት ስድሳ ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ከራሳቸው ቤተሰብ ሌላ ከሌላ አገር ለተመደቡ አምስት አስተማሪዎች ክፍል አከራይተዋል። ግቢያቸው ዳር እስከ ዳር ኮብል ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ መሀሉ ላይ ባላቸው የተከሏቸው ሦስት ማንጎዎች ቆመዋል። ዘንድሮ ፍሬው ቅርንጫፉን ሰብሮታል። ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለፈይሩዝም ጭምር፣ በሳፋ እየሞሉ መላካቸውን እንባ እየተናነቃቸው ነገሯት።

የፍሳሽ መስመራቸውን ስትጠይቅ ግን ፊታቸው በራ። የድሮው የሲሚንቶ ቱቦ በማንጎው ሥር እየተደፈነ ሲያስቸግራቸው፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ኤፍሬም የሚባል ኮንትራክተር አስመጥተው አስቀይረውታል። ያውም ሳይቆፈር። አንድ ጉድጓድ በቤቱ በኩል፣ አንድ ደግሞ ፍሳሹ በሚጠራቀምበት ታንክ በኩል ቆፍሮ፣ ሾጣጣ ብረት በአሮጌው ቱቦ ውስጥ በማሽን ይጎትታል። ብረቱ አሮጌውን ቱቦ ከውስጥ እየሰበረ ሲያልፍ፣ ከኋላው የታሰረው አዲሱ የፕላስቲክ ቱቦ ቦታውን ይይዛል። በወሬ ደረጃ ጥሩ ሥራ ነው፤ በደንብ ከተሠራም ጥሩ ነው። አንድ ኮብል አልተነሣም፣ አንድ የማንጎ ሥር አልተነካም ብለው ኮሩ።

መቅደስ ሁለቱንም ጫፍ አስከፍታ አየች። በቤቱ በኩል አዲስ ጥቁር ቱቦ አለ። በታንኩ በኩልም አለ። ለአንድ አፍታ ይህም መንገድ ተዘጋ ብላ አሰበች። ከዚያ፣ መሄጃዋ ላይ፣ ታንኩን ለመጨረሻ ጊዜ ያስመጠጡት መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ከዚያ ወዲህ አንዴም አላስመጠጥኩ» አሉ። «ኤፍሬም በአዲሱ ቱቦ ቶሎ አይሞላም ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ ልጄ።»

ሁሴን የታንኩን ክዳን በዶማ አነሣው። ውስጡ ደረቅ ነበር። የድሮው ዝቃጭ ተሰነጣጥቆ፣ በላዩ እንሽላሊት ይሮጣል። የግቢው ሰው ሁሉ ሦስት ወር ሙሉ ከተጠቀመበት ሽንት ቤት አንድ ጠብታ እዚህ አልደረሰም።

መቅደስ ወደ ቱቦው ተመልሳ የስልኳን መብራት አበራች። እንዲህ ያለ ቱቦ ተጠቅልሎ ሲሸጥ በየሜትሩ ቁጥር ይታተምበታል። በቤቱ በኩል ያለው ጫፍ ላይ አርባ ስድስት ይላል። ወደ ታንኩ ሄደች፤ እዚያ አርባ ስምንት ይላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ኮብል ረገጠችው፣ ሃያ ሁለት እርምጃ። የሁለት ሜትር ቱቦ ሃያ ሁለት እርምጃ አይሞላም። መሬት ውስጥ አዲስ ቱቦ የለም፤ ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው ያለው፣ ለዓይን እንዲታይ በየጫፉ የተሰካ።

እትዬ ቆንጅት ኮብሉ ላይ ተቀመጡ። መቅደስ ከጎናቸው ተቀምጣ ስለ ሰዎቹ መታመም ለማን እንደተናገሩ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ኤፍሬም ሲጠራ ሳያንገራግር መጣ። የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ ንግግሩ የለሰለሰ ሰው ነው። ሐዘኑን ገለጸ፤ ገዳዩ በመያዙ ደስ እንዳለው ጨመረበት። ሥራው ጥራት ያለው መሆኑን፣ እትዬ ቆንጅት ራሳቸው አይተው መቀበላቸውን ተናገረ። ሰኞ የት እንደነበር ሲጠየቅ አላመነታም። ደብረ ሲና፣ አንድ ግለሰብ ቤት፣ ከጠዋት እስከ ማታ በማሽኑ ቱቦ ሲጎትት ነው የዋለው። ሁለት ሠራተኞቹ ይመሰክራሉ። ማሽኑም አሁን እዚያው ደብረ ሲና ነው።

መቅደስ አመስግና አሰናበተችው። ሁለቱ ሠራተኞች በስልክ ተጠይቀው በአንድ ቃል ያንኑ ደገሙ። አንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ዓይነት ሰዓት፣ ምሳ የበሉበት ቤት ሳይቀር። ይህ ነው ያላማራት።

ረቡዕ ጠዋት ጄሪካኑን ይዛ ከሁሴን ጋር ጀውሃ ከተማ ወረደች። በዚያ መንገድ እንዲህ ያለ ዘይት የሚጠቀም ከባድ ማሽን የሚጠግን አንድ ጋራዥ ብቻ እንዳለ ሁሴን ያውቃል፤ የሙዐዊያ ነው። ያሰቡት ዘይቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ሙዐዊያ ግን ዘይቱን አላሸተተም። ጄሪካኑን አገላብጦ፣ በጎማ ጥብጣብ የተጠመጠመውን እጀታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄማ የኔ ነው» አለ። «እጀታው ተሰብሮ እኔ ነኝ ያሰርኩት። ኤፍሬም ነው የወሰደው።»

ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ኤፍሬም በመኪና መጥቶ ባዶ ጄሪካን ጠየቀው። ሙዐዊያ አራት አወጣለት። ሦስቱ ንጹሕ የዘይት ጄሪካን ናቸው፤ አራተኛው ከገበሬ የገዛው የመድኃኒት ነው፣ ከማሽኑ የወጣውን ዘይት ያጠራቅምበት ነበር። ኤፍሬም ዘይቱን ደፍቶ ያንኑ ወሰደ። ሙዐዊያ ለምን ቆሻሻውን እንደመረጠ ገርሞት ነበር፤ አልጠየቀውም።

«የየትኛው ማሽን ዘይት?» አለች መቅደስ።

ሙዐዊያ ወደ ጋራዡ ጀርባ ወሰዳቸው። ከሸራ ሥር የቱቦ መጎተቻው ማሽን ቆሟል። የብረት ገመዱ ተበጥሷል፤ የተበጠሰው ጫፍ እንደ ጥፍር ተከፋፍቶ ቆሟል። ጎማው ላይ አቧራ ተጋግሯል። የካቲት ሃያ ስምንት ቀን መጥቶ፣ መለዋወጫ ሲጠብቅ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ሰኞ ደብረ ሲና ቱቦ የጎተተ ማሽን የለም።

ከጀውሃ በቀጥታ ወደ እትዬ ቆንጅት ግቢ ተመለሱ።

እትዬ ቆንጅት በሩን ሲከፍቱ ሌሊቱን ሲያለቅሱ ማደራቸው ያስታውቅ ነበር። መቅደስ አልተቆጣቻቸውም፤ ቁጣዋን ለሌላ ቦታ አስቀምጣለች። ሁሉንም ራሳቸው ተናገሩ። ከሚያዝያ ጀምሮ ከማንጎው ሥር ይሸታቸው ነበር። ለኤፍሬም ሲደውሉ የዝናብ እርጥበት ነው አላቸው። ተከራዮቹ እንዳይሸሹባቸው ዝም አሉ። እሑድ ከሙሳ ጉድጓድ የጠጣ ሰው መታመሙን ሲሰሙ ግን ፈርተው ደወሉለት።

«ምን አለዎት?»

«ሙሳ ጠላት አለው ወይ አለኝ።» እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ለምን እንደጠየቀኝ አላሰብኩትም። ከጀምበሬ ጋር በወሰን ተጣልተዋል አልኩት። መድኃኒት የሚረጨው ጀምበሬ አልኩት። በአፌ።»

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወንዱ ሁሉ ቀብር ሳለ፣ ኤፍሬም መጣ። መስመሩን ልይ ብሎ በጓሮ በር በሙሳ አጥር በኩል ወጣ። በእጁ ፌስታል ነበር። ሲመለስ አልነበረም።

ከዚያ እትዬ ቆንጅት ተነሥተው ኮብሉ እንዲነሣ፣ ማንጎውም ቢሆን እንዲቆረጥ ነገሯት። ይቆፈር አሉ።

ቁፋሮው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ተጀመረ። ማክሰኞ ጀምበሬ ደጅ ላይ የቆሙት ወንዶች ዶማና አካፋ ይዘው መጡ፤ መቅደስ ጠርታቸው ነበር። ዓይናቸው እንዲያይ ፈልጋለች። ሙጂብም መጣ። ኤፍሬም በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሞ ሸሚዙን ያስተካክላል።

ከመሀለኛው ማንጎ ሥር፣ አንድ ሜትር ሳይሞላ፣ አፈሩ ጠቆረ። ሽታው ሲወጣ ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ። ሙጂብ ብቻ ቆፈረ። የሲሚንቶው ቱቦ ከቤቱ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ደቆ፣ ስብርባሪ ሆኗል። ከዚያ ዶማው ብረት ነካ። ሰው በሁለት መዳፉ የማያቅፈው ሾጣጣ ብረት ሥሮቹ መካከል ተቀርቅሮ ቀርቷል፤ ጫፉ ላይ የተበጠሰ የብረት ገመድ ተንጠልጥሏል።

አሁን ሁሉም ገባው። ኤፍሬም አሮጌውን ቱቦ ሰብሯል፤ ገመዱ ሲበጠስበት ግን ከኋላው የገባውን አዲስ ቱቦ መልሶ ስቦ አወጣው። ብረቱን ቆፍሮ እንዳያወጣ ውሉ ሳይቆፈር የሚል ነው። ሁለት ቁራጭ ቱቦ በየጫፉ ሰክቶ፣ አፈር መልሶ፣ እጁን ታጥቦ ሄደ። አንድ ግቢ ሙሉ ሰው ሦስት ወር መሬት ውስጥ ሲጸዳዳ፣ ቁልቁል ያሉት ሲጠጡት ኖሩ።

«መለዋወጫው ሲመጣ ልመለስ ነበር» አለ ኤፍሬም። ከዚያም ጨመረ። «ደግሞ የጉድጓድ ውኃ ሳይፈላ ይጠጣል እንዴ? አፍልተው ቢጠጡ ማንም አይሞትም ነበር።»

ሙጂብ ከጉድጓዱ ቀና አለ። ዶማው እጁ ላይ ነበር። መቅደስ በሁለቱ መካከል ገባችና ጀርባዋን ለሙጂብ ሰጥታ ኤፍሬምን ተጠግታ ቆመች። ድምፅዋን አላነሣችም፤ ግን ሁሉም ሰማት።

«ያፈሉ የነበረው አንተ ብትነግራቸው ነበር። ሦስት ወር ነበረህ። እሑድ ስልክ ሲደወልልህ ፈይሩዝ ገና በሕይወት ነበረች። ‹ከጉድጓዱ አትጠጡ› ብለህ አንድ ቃል ብትናገር፣ አንዲት እናት እሑድ ማታ ንጹሕ ውኃ ትጠጣ ነበር። አንተ ግን የሚታሰር ሰው ስትፈልግ አደርክ። እሷ ስትቀበር አጥሯን አልፈህ ገባህ። ያ ጄሪካን ስንት ቤት ሊያቃጥል እንደነበር ታውቃለህ?»

«እዚያ ድረስ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም» አለ።

«አስበሃል። ከአራቱ መርጠህ ነው የወሰድከው።»

ወሰዱት። ሙጂብ ዶማውን ጥሎ የጉድጓዱ ዳር ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን በጭቃማ እጁ ሸፈነ። በዚያው ምሽት ሁሴን ኤፍሬም የሠራባቸውን ሌሎች ቤቶች ዝርዝር ይዞ አጣዬ ሄደ። ሦስት ቤት ነበሩ፤ ከተቃጠሉ በኋላ ባለቤቶቻቸው ከአመድ ያነሷቸው። የአንደኛው ቱቦ ደህና ነው። የሁለቱ ከጫፍ በቀር ምንም አልነበረውም። በዙሪያቸው ያሉት የውኃ ጉድጓዶች ሳይነጋ ተዘጉ።

ጀምበሬ ሐሙስ ጠዋት ተፈታ። መቅደስ በመኪና አልወሰደችውም። በካቴና የወጣበትን መንገድ በጠራራ ፀሐይ በእግሩ፣ እሷ ከጎኑ ሆና፣ እንዲመለስ ፈለገች። በመንገድ ላይ ይቅርታ ጠየቀችው። ቤቱንና ነፍሱን እንዳተረፈችለት እንደሚያውቅ ነገራት፤ ልጆቹ ግን በካቴና ያዩትን አባታቸውን መቼም እንደማይረሱ ጨመረላት።

ጎረቤቶቹ በር በራቸው ላይ ቆመው ነበር። አንዱ እንኳን ለቤትህ አበቃህ አለው። ጀምበሬ ቆመና ሁሉንም በየተራ አያቸው።

«አንዳችሁ እንኳ አልጠየቃችሁኝም» አለ። «ሃያ ዓመት አብረን ኖረን፣ አንድ ሰው መጥቶ አንተ ነህ ወይ አላለኝም።»

ከዚያ ወደ ቤቱ አልዞረም። የጋሽ ሙሳን በር ገፍቶ ገባ፤ መቅደስ ተከተለችው። ከድንኳኑ ሥር ለቅሶ የተቀመጡት ቀና ብለው አዩት። የጋሽ ሙሳ ሚስት ዙልፋ የፈይሩዝን ሕፃን ታቅፈው በጡጦ ያጠቡ ነበር። ጋሽ ሙሳ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ጀምበሬ ጫማውን አውልቆ ከጎናቸው ተቀመጠ።

«እግዜር ያጽናችሁ፣ ጋሼ።»

«አሚን።» ሽማግሌው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ጀምበሬ፣ አፉ በለኝ። ስላንተ ያሉኝን አመንኩ። ለአላህ ብለህ ይቅር በለኝ።»

ጀምበሬ እጁን አላስለቀቀም። ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ የመጣሁት ለእሷ ነው፣ ጋሼ» አለ። «የእኛን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።»